በቴሌቪዥን ዘመን የደበዘዘ ሥዕል

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር በሚገኘው በሶደሬ ፍል ውሃ፣ በመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ለሦስት ቀን ስብሰባ ተቀምጠን ነበር። ስለ ስብሰባው ለአንባቢ ማውራት አስፈላጊ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤው በሚገባ ተይዟልና። እኔ የማወጋው በሁለተኛው ቀን ማታ በምግብ አዳራሹ ውስጥ ስለ ሆነው ነገር ነው።

እራት በልተን ቡና ስንጠብቅ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ምስሉ ብቻ ይታይ ነበር። ከባልደረቦቻችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ በሰው በሰው የደረሰውን፣ አንድ መንደር ሲቃጠል የሚያሳይ አጭር ፊልም አሳየን። የሣር ክዳን ቤቶች፣ ጭስ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሮጡ ሰዎች፣ በስተ ቀኝም አንዲት ዛፍ ይታያሉ፤ ከዚህ ሌላ ምልክት የሚሆን ነገር የለበትም። ባለ ስልኩ «ይህ የእኛ ወረዳ ነው፤ ያችን ዛፍ አውቃታለሁ» አለ። ከማዶ የተቀመጠውም «ይህን እኔ ካየሁት ዓመት አልፎታል፤ የሌላ አገር ነው፤ ሰውን ከሰው ለማጣላት የእኛ ነው እያሉ ይልኩታል» ሲል መለሰ። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። ሁለቱ አሥር ዓመት በአንድ ክፍል የሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰዎች ሲሆኑ፣ ያን ማታ ደኅና እደር ሳይባባሉ ተለያዩ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ፊልሙን ደጋግሜ ብመለከተው ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደብዝዞ ስለ ነበረ፣ ዛፊቱ ዛፍ መሆንዋን እንጂ ምን ዛፍ እንደ ሆነች እንኳ መለየት አቃተኝ።

ወደ መኝታ ክፍሌ ስሄድ ትዝ ያለኝ፣ በአዲስ አበባ የተወለዱት ሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሠርተው «ሂኔኒ» የሚል ስም የሰጡት ሥዕል ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አስቀድሜ ግን አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምሻው ነገር አለ። እኔ የሥዕል ትምህርት የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። የእኒህንም ሠዓሊት ሥራዎች በዓይኔ በብረቱ አላየኋቸውም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ በዘመናዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሥራዎቻቸው ለሕዝብ በታዩ ጊዜ እኔ ከከተማው ርቄ በሥራ ላይ ስለ ነበርሁ አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። የማውቃቸው አንድ ወዳጄ ካዋሰኝ መጽሐፍና ከስልክ መስኮት ነው። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ሸራ በአራት ጣት ስፋት ሲታይ ምን ያህል እንደሚጎድለው ይገባኛል፤ የምነቅፈውም የማመሰግነውም ይህን ጉድለት ሳልረሳ ነው።

ወይዘሮ ጁሊ በ1963 ዓ.ም. ከኢትዮጵያዊ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ከአሜሪካዊት እናት ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1977፣ ገና በሕፃንነታቸው፣ ቤተ ሰባቸው በዚያ በአስጨናቂው ዘመን አገር ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሚሺጋን ተሻገረ። የሚሠሩት በኒው ዮርክ ነው። በመጀመሪያ ዝናን ያተረፉት የሕንፃዎችን ንድፍ በቀጭን መስመር አንዱን በሌላው ላይ እየደራረቡ በሚሠሩዋቸው ታላላቅ ሸራዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳዩት «ሞጋማ» በተባለው ባለ አራት ክፍል ሥዕል ውስጥ የካይሮው የታሕሪር አደባባይ ሕንፃዎች ከሌሎች አገሮች አደባባዮች ጋር፣ ከእኛም የመስቀል አደባባይ ጋር፣ ተደራርበው ይገኛሉ። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ትዕግሥት ያለው ተመልካች መስኮቱን ከደረጃው፣ አምዱን ከቅስቱ እየለየ ሊያወጣ ይችላል። በኋላ የመጡት ግን ይህን አይፈቅዱም።

እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የያዙትን አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። በዜና ከሚታዩት ፎቶግራፎች አንዱን ይመርጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም የአመፅ፣ የእሳት፣ የስደት ወይም የጦርነት ፎቶግራፍ ነው። ይህን ወደ ኮምፒዩተር አስገብተው፣ አንዳንዴም ገልብጠውና ከርክመው፣ የሰውና የዕቃ መልክ ጠፍቶ የብርሃንና የጥላ ጉም ብቻ እስኪቀር ድረስ ያደበዝዙታል። ያ ጉም በቀለም መርጫ መሣሪያ በሸራው ላይ ይነፋል። ከዚያ በኋላ በላዩ የራሳቸውን እጅ ያሳርፉበታል፤ ጽሕፈት የሚመስል ግን የማይነበብ የጥቁር ቀለም ጭረት፣ በእጅ የታሸ ጥላሸት የሚመስል ጠባሳ፣ በስክሪን ፕሪንት የታተመ ነጠብጣብ፣ ተፍቆ የጠፋ መስመር፣ በጠፋው ላይ እንደ ገና የተሣለ ሌላ መስመር። እንግዲህ ሥዕሉ ከአንድ ዘር የተወለደ አይደለም፤ ፎቶግራፍ፣ ኮምፒዩተር፣ ኅትመትና ብሩሽ የተዳቀሉበት ነው። ከታች ያለው ጉም የማንም እጅ ያልነካው ይመስላል፤ ከላይ ያለው ጭረት ግን የአንድ ሰው ክንድ ሲፈጥንና ሲደክም ይታይበታል።

እኔን ይህ አሠራር የልጅነቴን ቴሌቪዥን ያስታውሰኛል። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ነፋስ አንቴናውን ባዞረው ቁጥር ከእኛ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እያዞረ «መጣ?» ሲል እኛ ከውስጥ «አልመጣም! ትንሽ መልሰው!» እያልን እንጮህ ነበር። ዜና አንባቢው በበረዶ ውስጥ የቆመ ይመስል መልኩ ይጠፋና ይመለሳል። ያን ጊዜ ብዥታው የአንቴናው ጥፋት እንደ ሆነ እናውቅ ነበር፤ አንቴናው ከተስተካከለ እውነቱ ጥርት ብሎ እንደሚመጣም አንጠራጠርም ነበር። ዛሬ መስኮቱ የጠራ ነው፤ አንቴናም የለውም።

ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል በመጀመሪያ የማነሣው በ2016 እ.ኤ.አ. የተሠራውን፣ ርእሱ በፈርጉሰን ከተማ ስም የሚያልቀውንና በቅንፍ «ዓይን» የሚል ቃል የገባበትን ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት በፈርጉሰን ማይክል ብራውን የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ጥቁር ወጣት፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ ከተማይቱም በሁከት ተናወጠች። የሥዕሉ መሠረት በዚያ ሁከት ጊዜ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። በሸራው ላይ ግን ፖሊስም ወጣትም አይታይም። ግራጫ ጉም አለ፤ በጉሙ ውስጥ እዚህም እዚያም የመብራት ወይም የእሳት ብልጭታ የሚመስል የቀለም ጮራ ይወጣል፤ በዚህ ላይ ጥቁር ጭረቶች እንደ ተደናገጠ ሕዝብ ይራወጣሉ። ዓይን የሚመስል ነገር ፈልጌ አንድ ጊዜ ያገኘሁ መሰለኝ፤ መጽሐፉን ዘግቼ ስከፍት አጣሁት።

«ሂኔኒ» ከዚህ የተለየ ነው። ስፋቱ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን መላው ሸራ በብርቱካንና በቀይ ይነድዳል። ቃሉ የዕብራይስጥ ነው፤ ሙሴ ከዕፀ ጳጦስ መካከል በስሙ ሲጠራ የመለሰው መልስ፣ «እነሆኝ» ማለት ነው። ይህን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ እየነደደች ያልከሰመችውን ቁጥቋጦ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሥለን ስንሳለም የኖርን ሰዎች ነንና። የሥዕሉ መነሻ ግን ሲና ተራራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ ከተነሣው የሰደድ እሳትና በዚያው ዓመት በምያንማር ከተቃጠሉት የሮሂንግያ መንደሮች ፎቶግራፎች የተወሰደ ነው። ሁለቱ እሳቶች ተዋሕደው አንድ ነበልባል ሆነዋል። የትኛው የደን፣ የትኛው የሰው ቤት እንደ ሆነ መለየት አይቻልም።

በሶደሬ ያየሁት ጠብ ይህን ሥዕል ያስታወሰኝም ስለዚህ ነው። የባልደረቦቼ ጥያቄ «የማን እሳት ነው?» የሚል ነበር፤ ሥዕሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

አሁን ነቀፌታዬን ላቅርብ። የሰደድ እሳት በድርቅና በነፋስ ይስፋፋል፤ የሮሂንግያን ቤቶች ግን ያቃጠለ ሰው አለ። ሁለቱን በአንድ ጉም ማደብዘዝ የተቃጠሉትን ሰዎች ፊት ከአደባባይ ዓይን ይሰውራል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ችቦ የያዘውንም ሰው አብሮ ይሰውራል። ለተበደለው ክብር የሆነው መጋረጃ ለበዳዩ መሸሸጊያ ሆነለት ማለት ነው። የፈርጉሰኑ ሥዕል ቢያንስ የከተማይቱን ስም በርእሱ ላይ ስለሚሸከም ተመልካቹ ጠይቆ ሊደርስበት ይችላል። «ሂኔኒ» ያንንም አልተወለንም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ሃካና ሁከት» የሚሉ ሁለት ቃላት በርእሱ ያጣመረው ሥዕልም ይኸው ጉድለት አለበት። ሃካ የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች እኛ ፉከራ ከምንለው ጋር የሚዛመድ ጭፈራቸው ነው፤ የሥዕሉ መሠረት ግን በአሜሪካ የስደተኞች ሕፃናት ከተዘጉባቸው ክፍሎች የተነሡ ፎቶግራፎች ናቸው። ሕፃናቱ በሥዕሉም የሉ፣ በርእሱም የሉ። ይህን ከመጽሐፉ ማብራሪያ ባላነብ ኖሮ ከቶ አላውቀውም ነበር። ማብራሪያ ካልተነበበለት የሚያለቅስለትን የማይነግረን ልቅሶ ለእኔ ሙሉ አይደለም፤ በአገራችን አልቃሽ የሟቹን ስም ሳትጠራ አታለቅስምና።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህን ችግር የፈታበትን መንገድ ሁላችን እናውቃለን። ጻድቁን ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይን ይሥለዋል፤ ክፉውን፣ ሰይጣንም ቢሆን ይሁዳም ቢሆን፣ ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ያሳየዋል። ከዚያም እንዳንሳሳት በአጠገባቸው ስማቸውን ይጽፋል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ማንን መሳለም፣ ማንን ማለፍ እንደሚገባው ያውቅ ነበር። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሥዕል በዓለም የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገር ግን ነቀፌታዬን እዚህ ላይ እንዳቆም የማይፈቅድልኝ አንድ ነገር አለ። ቴሌቪዥንም የሚሠራው በዚሁ ሥርዐት ነው፤ አንዱን በሁለት ዓይን፣ ሌላውን በአንድ ዓይን ያሳየናል፤ ከሥርም ስም ይጽፋል። ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ሥዕል መሆኑን አልደበቀም፤ ቴሌቪዥን ግን እንደ ሆነው አሳየሁ ይላል።

በአገራችን ታሪክ የዚህ ምስክር አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሀብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ አቀረበ። ከዓመት ያህል በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ያው ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን ታየ፤ እንደ ነበረ ግን አልነበረም። በረሀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል እየተቆረጠ ገብቶበት ነበር። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ ፊልሙን ያዩ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ግን ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ያገጣጠመው መቀስ ግን በፊልሙ ውስጥ አይታይም። እዚያ ፊልም ውስጥ የደበዘዘ ነገር አንድም የለም፤ ሁሉም ጥርት ያለ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላም፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ማይክል ቡርክ ከኮረም የላከው፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው የቢቢሲ ዜና በዓለም ሁሉ ታየ። በዚህ ዜና ምክንያት እህል መጣ፣ ነፍስ ዳነ፤ ይህን የሚክድ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ሆኖም በዚያ ምስል ላይ የታዩት እናቶችና ሕፃናት ስማቸው ማን ነበር? በየሳሎኑ እራቱን እየበላ ያያቸው ሰው ፊታቸውን፣ አጥንታቸውን፣ የዓይናቸውን ዝንብ ሳይቀር አየ፤ አንዳቸውንም ግን አላወቀም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያዊ በውጭ አገር ስሙን ከመናገሩ በፊት ያ ምስል ቀድሞት ይደርስ ነበር። ወይዘሮ ጁሊ ያደጉት በዚያው ዘመን በአሜሪካ ነው፤ ምስሉ በመጣ ጊዜ ወጣት ተማሪ ነበሩ። ይህ በሥራቸው ላይ ምን እንዳደረገ እኔ ልናገርላቸው አልችልም። ነገር ግን በልጅነቱ ወገኑ በቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ታይቶ ያላማረበት ሰው፣ አድጎ የሌላውን መከራ ከማሳየቱ በፊት ፊቱን ቢሸፍንለት አይገርመኝም።

በምዕራባውያን ዘንድም የጠራ ሥዕል ሁልጊዜ የእውነት ወዳጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም አዳራሽ የተሰቀሉት፣ «ሃውል» በሚል ቃል የሚጀምር ርእስ ያላቸው ሁለት ሸራዎች እያንዳንዳቸው ከስምንት ሜትር በላይ ቁመት አላቸው፤ ሠዓሊቷ የሠሩዋቸው ሌላ ሥፍራ ስላልበቃቸው በኒው ዮርክ ሀርለም ሠፈር አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ከሥራቸው የተደበዘዙት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የአሜሪካን ምዕራብ የሣሉ ሰዎች ሥዕሎች ከዛሬ የሁከት ፎቶግራፎች ጋር ተቀላቅለው ነው። እነዚያ የጥንት ሠዓሊዎች ተራራውንና ፏፏቴውን ቅጠል በቅጠል አጥርተው ሥለው፣ በብዙው ላይ ግን የአገሩን ባለቤቶች አልሣሉም፤ ያያቸው ሁሉ ምድሪቱ ባዶ መሰለችው።

ከአገር ቤት ሠዓሊዎች ጋር ለማነጻጸር ያህል አቶ ኤልያስ ስሜን ልጥቀስ። እርሳቸው ከምናለሽ ተራ የሚገዙትን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒዩተር ቁልፍና የተበታተነ የመሣሪያ ሆድ ዕቃ እየጠለፉና እየመቱ ታላላቅ ሰሌዳዎች ይሠራሉ። ወይዘሮ ጁሊ የመስኮቱን ብርሃን ሲወስዱ እርሳቸው ሣጥኑን ወስደዋል ማለት ይቻላል። በአቶ ኤልያስ ሥራ ፊት ተመልካች ግራ አይጋባም፤ ሽቦው ሽቦ ነው፣ የሰው እጅ የነካው፣ የተጣለ፣ የተለቀመ። እኔ ለራሴ ከዚያ ጋር ይቀለኛል። የቀለለኝ ሁሉ ግን የተሻለ ነው አልልም።

«ይህ የኢትዮጵያ ሥዕል ነውን?» የሚለውን ክርክር አልገባበትም። አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን አገር ተምረው ረቂቅ ሥዕል ይዘው በተመለሱ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተጠይቆ ነበር፤ ዛሬ ወይዘሮ ጁሊ በአዲስ አበባ ሥራቸውን ያሳዩበት ቤት የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ስለ ዋጋውም፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንዱ የቀድሞ ሥራቸው በኒው ዮርክ ጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡንና በአፍሪካ ከተወለደ ሠዓሊ ሥራ ያን ጊዜ ከፍተኛው መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። ብቻ በእንዲህ ያለ ዋጋ የሚሸጥ ሥራ በማን ሳሎን እንደሚሰቀል፣ የመንደር ቃጠሎም በዚያ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚመስል ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወደ «ሂኔኒ» ልመለስ። ነቀፌታዬን አላነሣም፤ ያቃጠለው ሰው ሊደበዝዝ አይገባውም ነበር። ነገር ግን የርእሱን ቃል ደጋግሜ ባሰብሁት ቁጥር፣ ሠዓሊቷ «የማን እሳት ነው?» የሚለውን ጥያቄ የተዉት ረስተውት አይመስለኝም። ሙሴ ወደ ቁጥቋጦው የቀረበው ለምን እንደማይከስም ሊመረምር ነበር፤ ለዚህ መልስ አላገኘም፤ ይልቅስ በስሙ ተጠራ። የባልደረባዬ ስልክ ያን ማታ እኛን በስማችን አልጠራንም፤ ወገናችሁን ምረጡ አለን እንጂ። በዚህ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ግን የሚመርጠው ወገን የለውም። እሳት አለ፤ እርሱ ራሱም አለ። ይህ ይበቃል ወይ ቢሉኝ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት አይበቃም።

በማግሥቱ ማለዳ የፍል ውሃው እንፋሎት ከዋናው በላይ ተነሥቶ ዛፎቹን ሸፍኗቸው ነበር፤ ጦጣዎቹ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ያ ዛፊቱን አውቃታለሁ ያለው ባልደረባዬ ብቻውን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና ሥዕሉን ከስልኬ አሳየሁት። ምን እንደ ሆነ አልነገርሁትም። ብዙ ተመለከተው። ከዚያም ስልኩን ገልብጦ፣ በጎኑም አዙሮ «ላይኛው በየት በኩል ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አሳየሁት። «ቤት ነው የሚቃጠለው» አለ። እኔም ግማሹ ደን እንደ ሆነ ነገርሁት፤ አላመነኝም። «የት ነው?» አለ ቀጥሎ። ስለ ምያንማርና ስለ ካሊፎርኒያ ያነበብሁትን ስነግረው ስልኩን ሳይመልስልኝ ሰማኝ፤ በመካከሉ ወደ አዳማ የሚመልሰን አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ሲገባ ከፊት ተቀመጠ፤ የልጁ የክርስትና አባት ቀድሞ ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።